የሕፃን እጅና የጓዳ ዕቃ



ስለ ሀገር አስተዳደር ወይም ስለ ነገረ መለኮት ሊናገር የተነሣ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት የአድማጭ ጆሮ ይሰጠዋል፤ ስለ ሕፃን ጨዋታ እናገራለሁ ብሎ የቆመ ሰው ግን አስቀድሞ «ይህ ደግሞ ዲስኩር ያሻዋል ወይ?» የሚለውን ፈገግታ መታገሥ አለበት። ፈገግታውን እቀበላለሁ፤ ነገሩ ከ40 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ዲስኩር ባላሻውም ነበርና። የዚያን ጊዜው ሕፃን እንደ ልቡ የሚድህበት ግቢ፣ የሚጭረው አፈር፣ የሚያባርራት ዶሮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእርሱ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ የጎረቤት ልጆች ስለ ነበሩት፣ እናቱ «ዛሬ ደግሞ በምን ላጫውተው?» ብላ መጨነቅን አታውቀውም ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ቤተሰብ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ፣ በስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ከደጁ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ቀጥሎ ደረጃ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ ደግሞ ዝናሙ ያንኑ ደረጃ እንኳ ይከለክላል። እንግዲህ ዕድሜው ከ1 እስከ 3 ዓመት የሆነ፣ ለአጸደ ሕፃናት ያልደረሰ፣ ነገር ግን ለአንድ አፍታ እንኳ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት ፍጥረት በዚህች ክፍል ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ምን ይሥራ? የዛሬው ነገራችን ይህ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በብዙ ቤት የተገኘው መልስ የእናት ወይም የሞግዚት ስልክ ነው። በዚህ ላይ ረጅም ተግሣጽ ለመስጠት አልመጣሁም፤ ወጥ እየሠራች፣ ልብስ እያጠበች፣ ልጅም እየጠበቀች የምትውል እናት ለግማሽ ሰዓት እፎይታ ብላ ስልኳን ብትሰጥ፣ የሚፈርድባት ሰው አስቀድሞ አንድ ቀን በቦታዋ ይዋልላት። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጠው፣ በ1 ዓመት ዕድሜ ላለውም እንደማይመከር፣ ለ2 ዓመት ልጅ ቢበዛ ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ከዚያም ቢያንስ እንደሚሻል ይናገራል፤ በአንጻሩ ደግሞ 1 ዓመት የሞላው ሕፃን በቀን ውስጥ፣ ተከፋፍሎም ቢሆን፣ በጠቅላላው 180 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ያዝዛል። እንግዲህ ስልኩን ብንከለክለው እንኳ ግዴታችን አላለቀም፤ 3 ሰዓት ሙሉ የሚሠራው ነገር ልናገኝለት ይገባናል።

ጨዋታን የሕፃን ዋና ሥራ አድርገው ካስተማሩት ሊቃውንት መካከል ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ነው። በ1782 ዓ.ም. በቱሪንጊያ ምድር ተወልዶ፣ ገና 1 ዓመት ሳይሞላው እናቱ የሞተችበት ይህ ሰው፣ ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ ሐሳቡን ሁሉ ወደ እናትና ወደ ሕፃን መልሶ በ1837 ዓ.ም. ብላንክንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ቤት ከፈተ፤ ቤቱንም ከ3 ዓመት በኋላ ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው። ለሕፃናት ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች «ስጦታ» ይላቸው ነበር። የመጀመሪያው ስጦታ ከሱፍ ክር የተሠሩ፣ ቀለማቸው የተለያየ፣ በገመድ የሚንጠለጠሉ 6 ለስላሳ ኳሶች ናቸው፤ ሁለተኛው ከእንጨት የተጠረቡ አንድ ድቡልቡል፣ አንድ ሲሊንደርና አንድ ኩብ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር የፕሩሺያ መንግሥት በ1851 ዓ.ም. ክህደትን የሚያስፋፋ ትምህርት ነው ብሎ ከለከለው፤ ፍሮበል በማግሥቱ ዓመት ሲያርፍ ክልከላው እንደ ጸና ነበር፤ የተነሣውም በ1860 ዓ.ም. ነው። የሱፍ ኳስ የሚያንከባልል ሕፃን ያስፈራው መንግሥት ምን ያህል ድንጉጥ እንደ ነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

ይሁን እንጂ ለእኛ ኑሮ ከፍሮበል ይልቅ የሚቀርበው የጣሊያናዊቷ ሐኪም የማሪያ ሞንቴሶሪ ታሪክ ነው፤ ሥራዋን የጀመረችው እንደ እኛው ባለ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ነውና። በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድኾች ሰፈር፣ አንድ የቤት ኩባንያ ሕንፃዎችን አድሶ ለሠራተኞች አከራይቶ ነበር፤ እናትና አባት ለሥራ ሲወጡ ከቤት የሚቀሩት ሕፃናት ደረጃ ለደረጃ እየሮጡ አዲሱን ግድግዳ እየሞነጫጨሩ ቢያስቸግሩት፣ ኩባንያው ለሕፃናቱ ሳይሆን ለግድግዳው አዝኖ በአንድ ክፍል ሰብስቦ የሚጠብቅለት ሰው ፈለገ። ሞንቴሶሪም በጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት ወዲያ የሆነ 50 ያህል ሕፃናት ይዛ ሥራዋን ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያየችውን እርሷው ራሷ በአንክሮ ጽፋዋለች፤ ያማሩ አሻንጉሊቶች በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ሕፃናቱ ከእነዚያ ይልቅ አቧራ መወልወልን፣ ውኃ መቅዳትን፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍንና ዕቃን በልኩ መግጠምን መረጡ። አንዲት 3 ዓመት ያህል የሆናት ልጅ ውፍረታቸው የሚበላለጥ የእንጨት ሲሊንደሮችን ከየጉድጓዳቸው እያወጣች ስትመልስ፣ ሌሎቹ ሕፃናት በዙሪያዋ እንዲዘምሩ ብታደርግ፣ ቀጥሎም ልጅቱን ከነወንበሯ አንሥታ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጣት፣ ሕፃኒቱ ዕቃዋን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ከ40 ጊዜ በላይ ያንኑ ሥራ ከደጋገመች በኋላ፣ ማንም ሳያስቆማት በራሷ ጊዜ ፊቷ በርቶ ተወችው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር አለ፤ የምናገረውም ሁሉ እርሱኑ ይከተላል። ሕፃኑ የሚሻው የመጫወቻ ብዛት አይደለም፤ እጁ የሚገባበት፣ ክብደት፣ ሙቀት፣ ድምፅና ሽታ ያለው እውነተኛ ነገር ነው፤ ያም በየጓዳችን ሞልቷል። ከአዋቂው የሚፈለገው ደግሞ ዕቃውን መርጦ ማቅረብ፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነገር ደግሞ የራስን እጅ መግታት ነው።

እጅን መግታት ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ በአንዲት ጎረቤቴ ቤት ያየሁትን ባወራችሁ ይገባችኋል። ልጇ 1 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ወለሉ ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፋ፣ በፎጣው ላይ ሳፋ አስቀምጣ፣ በሳፋው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ለብ ያለ ውኃ ጨምራ፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ፣ አንድ ጭልፋና አንድ የሻይ ማጥለያ ሰጠችው። ሕፃኑ በኩባያው ቀዳ፣ ደፋ፤ በጭልፋው ቀዳ፣ ደፋ፤ ማጥለያውን ግን ነክሮ ባነሣው ጊዜ ውኃው ጠፋበት። ውስጡን አየ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ደግሞ ነከረው፤ አሁንም ጠፋ። በዚህ ጊዜ ከአልጋው ጫፍ የተቀመጡት የባለቤቷ እናት «ኧረ ልጄ፣ ብርድ ይመታዋል!» ቢሉ፣ «ውኃው ለብ ያለ ነው እማማ፤ ግድ የለም ይተዉት» አለቻቸው። ጥቂት ቆይተው እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሳፋው ቀረቡና ማጥለያውን ተቀብለው ሊያሳዩት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ምራታቸው በዓይኗ ለመነቻቸው፤ እርሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሕፃኑ በመጨረሻ ማጥለያውን ከኩባያው አፍ ላይ አኖረና በጭልፋው ውኃ አፈሰሰበት፤ ጠፍቶበት የነበረው ውኃ ከታች ከኩባያው ውስጥ ተገኘ። የሳቁን ነገር አልነግራችሁም፤ የሳቀው እርሱ ብቻ አልነበረምና።

ስለ ውኃ ከተናገርሁ የማይታለፍ ነገር አለ። ሕፃን 5 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ውኃ ውስጥ እንኳ ሊሰጥም ይችላል፤ ስለዚህ «ወጡን ላማስልና ልምጣ» ብሎ መነሣት የለም፤ የግድ የሚያስነሣ ነገር ከመጣ ሕፃኑን አቅፎ መነሣት ነው። ጨዋታው ሲያበቃም ሳፋው በዚያው ቅጽበት ይደፋ፤ በየቤታችን ውኃ ተሞልቶ የሚያድረው ባልዲና በርሜልም ክዳኑ ይጥበቅ።

የደረቀ ነገር መቅዳትና መንፋት ለሚወድ ሕፃን ብዙ መጻሕፍት ሩዝና ምስር ስጡት ይላሉ። አያቶቻችን ግን እህል የሕፃን መጫወቻ ሆኖ ወለል ላይ ሲበተን አይወዱም፤ እኔም በዚህ ከአያቶቻችን ጋር ነኝ። ለከብት የሚሸጠው ፉርሽካ ለዚህ ተግባር ይበቃል። በሰፌድ ላይ ጥቂት ፉርሽካ አድርጋችሁ አሮጌ ወንፊትና ማንኪያ ብትጨምሩበት፣ የ2 ዓመት ልጅ እናቱ ዱቄት ስትነፋ ያየውን ሁሉ ሲደግመው ታያላችሁ፤ ቤቱ ይቆሽሻል፤ መጥረጊያ ለዚህ ነው የተገዛው።

አሁን ወደ ሊጥ ልምጣ፤ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ በቤት ውስጥ ከሚሠራ የሕፃን ተግባረ እድ ሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነውና። ሊጥ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ሲጎትቱት ይረዝማል፣ ሲያድበለብሉት ይታዘዛል፤ ያልተወደደውም ቅርጽ ተጨፍልቆ እንደገና ይጀመራል። ጣት ብርታቱን የሚያገኘው እንዲህ ባለ ሥራ ነው፤ ወደ ፊት እርሳስ የሚይዘውም ይኸው ጣት ነው። ዕድሜው ወደ 3 ዓመት ለተጠጋና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መውሰድን ለተወ ልጅ፣ 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ደቃቅ ጨው፣ 1 ማንኪያ ዘይት፣ ውኃውንም በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ እስከ 1 ብርጭቆ ድረስ፣ ከእጅ መጣበቁን እስኪተው ማሸት ነው። የእርድ ዱቄት ቢገባበት ቢጫ፣ ከውኃው ፋንታ የቀይ ሥር ቅቅል ውኃ ቢገባበት ሮዝ ይሆናል፤ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ ቢነሰነስበት ደግሞ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ቢቀመጥ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ነገር ግን ይህ ሊጥ እጅግ ጨዋማ ነውና የሚበላ አይደለም፤ ብዙ ጨው ለሕፃን ሰውነት አደገኛ ነው፤ ያልበሰለ ዱቄትም ለሆድ አይስማማም።

ታዲያ ሁሉን ወደ አፉ ለሚወስደው ለ1 ዓመት ሕፃን ምን እናድርግ? እዚህ ላይ የገዛ ጓዳችን ከፈረንጅ መጻሕፍት ይልቅ ብልህ ሆኖ አገኘሁት። በሶ ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ነው፤ ጨው ሳይገባበት በውኃ ብቻ ሲታሽ ይያያዛል፣ ይድበለበላል፣ ይጠፈጠፋል፤ ሕፃኑም ቢቀምሰው የሚበላ ነገር ቀመሰ። መንገደኛና ወታደር ስንቅ አድርጎ የያዘው ጭብጦ ከዚህ የተሻለ ሹመት ያገኘ አይመስለኝም። ትልቅ ጉርሻ እንዳያደርገው ብቻ በዓይን መጠበቅ ነው። የቡሄ ዋዜማ ደግሞ ለሙልሙል የሚቦካው ሊጥ አለላችሁ፤ ከዚያ አንድ ቁራሽ ተቆርሶ፣ ያገኘውን ወደ አፉ መውሰድን ለተወው ልጅ በትሪ ላይ ይሰጠው፤ እርሱ የጠፈጠፈው ጠማማ ሙልሙልም ከሌሎቹ ጋር ይጋገርለት። «የእኔ» የሚላት ዳቦ ከእሳት ስትወጣ የሚያይ የ2 ዓመት ተኩል ልጅ፣ ጥሬው እንዴት ወደ ብስል እንደ ተለወጠ ማንም ሳያስተምረው በዓይኑ ያያል።

ቀለምም እንዲሁ ከምድጃ ይገኛል። የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት በቀጭኑ እንደ ሙቅ አብስላችሁ ስታበርዱት፣ ከፋፍላችሁም በአንዱ እርድ፣ በአንዱ የቀይ ሥር ውኃ፣ በአንዱ ተቀቅሎ የተጨመቀ የቆስጣ ውኃ፣ በሌላውም ከጀበና ሥር የቀረ የቡና አተላ ብትጨምሩበት፣ በጣት የሚቀባ፣ ቢላስም የማይጎዳ ቀለም ሆነ ማለት ነው። እርድ ከልብስ አይለቅምና ለሕፃኑ የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ደርቡለት። ከሱቅ የመጣ ካርቶን ተቀድዶ ሲዘረጋ ሰፊ ሰሌዳ ነው፤ በፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጠፍ፤ አለበለዚያ ካርቶኑ ከጣቱ ጋር ይሄዳል። ለሁለት የተቆረጠ ድንች በቀለም ተነክሮ ሲታተም ክብ ይተዋል፤ የባሚያ ቁራጭ ደግሞ ማንም ሠዓሊ ያልሣላትን የአበባ ቅርጽ ታትማለች። ቃሪያ ግን አይታሰብ፤ በርበሬ የነካ እጅም ሳይታጠብ የሕፃን ቀለም አይበጥብጥ።

በዚህ ሥራ ላይ ነው ወላጆች አብዝተን የምንበድለው። ሕፃን በ1 ዓመት ተኩል አካባቢ መሞነጫጨር ይጀምራል፤ መስመሩን ዞሮ ገጥሞ ክብ የሚያደርገው ግን ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ ነው። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ የ2 ዓመቱን ልጅ «ቤት ሣልልኝ፣ ፀሐይ ሣልልኝ» እንለዋለን፤ አልሆን ሲለው እጁን ይዘን እንሥልለታለን፤ ከዚያም የእኛን ሥዕል የእርሱ ነው ብለን ለዘመድ እናሳያለን። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውም ጥያቄ አይጠቅምም፤ ብዙውን ጊዜ ምንም አይደለምና፤ እጁ የሄደበት መንገድ ነው። «ቢጫውን ረጅም አድርገህ ጎተትኸው» ብንለው፣ የሠራውን ማየታችንን ያውቃል፤ ቃሉንም አብሮ ይማራል። በመዋያዎችና በአጸደ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ተሰልፈው የምናያቸውን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑትን ያማሩ የወረቀት ሥራዎች ባየሁ ቁጥር የመምህሪቱን ትጋት አደንቃለሁ፤ የሕፃናቱን እጅ ግን በውስጣቸው ፈልጌ አላገኘሁትም።

ስለ ካርቶንና ስለ ጣሳ ባጭሩ ልናገር። የወተት ዱቄት ጣሳ የፕላስቲክ ክዳኑ ተቀድዶ፣ በቀዳዳው ልክ የተጠቀለለች ካልሲ እየከተቱ መልሶ ማውጣት፤ ባዶ የክብሪት ቀፎዎችን፣ መጫሪያ ጎናቸው እንዲሸፈን በወረቀት ጠቅልሎ እንደ ጡብ መደርደር (የ2 ዓመት ልጅ 6 ያህል ይደረድራል፤ ከመደርደሩ ይልቅ ማፍረሱን ይወድዳል፤ ይህም ትክክል ነው)፤ 30 እንቁላል በሚይዘው ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ትልልቅ ሎሚዎችን አንድ በአንድ ማስቀመጥ፤ አሮጌ ጋዜጣ መቅደድ፤ ወንበሮችን አቅርቦ ጋቢ አልብሶ ድንኳን መሥራትና በሥሩ መዳህ፤ ይህ ሁሉ ያለ ወጪ የሚሆን ነው። ጣሳውን ከበሮ ማድረግም ይቻላል፤ በተለይ ከእናቱ ጋር ማኅሌት ቆሞ ያየ ሕፃን ከበሮውን በአንገቱ ካላንጠለጠልሁ ብሎ ያስቸግራል። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩትን ሰዎች ግን ሰዓቱን አስቀድሞ ማማከር የጉርብትና ወግ ነው።

ነጠላን ፊት ላይ ጥሎ «የት አለሁ?» ብሎ መግለጥ ተራ ማሳሳቂያ ይመስላል። ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊስ ሊቅ ግን በገዛ ሦስት ልጆቹ ላይ ነገሩን በትዕግሥት ተመልክቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሕፃን ዓይን የተሰወረ ነገር እንደሌለ እንደሚቆጠር፣ ወደ 8 ወር ገደማ ግን ሕፃኑ የተሸፈነውን ገልጦ መፈለግ እንደሚጀምር ጽፏል። 1 ዓመት ለሞላው ልጅ ጨዋታው አንድ ደረጃ ከፍ ይበል፤ ሁለት የተደፉ ስኒዎች አቅርባችሁ እርሱ እያየ ከአንዱ ሥር ሎሚ ሸሽጉለት።

ከ2 ዓመት በኋላ የሚመጣው ዕቃ ዕቃ ጨዋታ አስተማሪ አያስፈልገውም። ልጁ ባዶ ስኒ ይዞ «ቡና ጠጡ» ሲል ተቀብሎ መጠጣት፣ «አቦል ነው ወይስ ቶና?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሁለት ሕፃናት በአንድ ቤት ካሉ ግን ዕቃው ሁሉ ሁለት ሁለት ይሁን። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1932 ዓ.ም. እንደ ጻፈችው፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚጫወቱት አብረው ሳይሆን ጎን ለጎን ነው፤ «አካፍለው» የሚለው ትእዛዝ ጊዜው ገና ስለ ሆነ፣ ሁለተኛ ጭልፋ መፈለግ ከምክር ይቀላል።

አሁን ደስ ወደማይለው ክፍል ልምጣ። ለአደጋ የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነገር ነው። መጫወቻ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሠራ ዕቃ ውስጡ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ የሚሰወር ከሆነ፣ ያንቃል ብለው ይከለክሉታል። በቤት ውስጥ የሶፍት ማዕከል የሆነው የካርቶን ቱቦ ከዚህ ጥቂት ይሰፋልና እርሱን መለኪያ አድርጉት፤ በቱቦው የሚያልፍ ነገር ለሕፃን አይሰጥም። የለስላሳ ቆርኪ ያልፋል፤ የሃይላንድ ክዳን ያልፋል፤ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ብይና የልብስ ቁልፍ ያልፋሉ። በመጫወቻና በሪሞት ውስጥ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ ከሁሉ የከፋች ናት፤ ከተዋጠች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ታቃጥላለችና ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ሽምብራ በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ ዕቃ ልትሠሩ ብትፈልጉ፣ ክዳኑ በሙጫ ተጣብቆ ከላይ በፕላስተር ይታሰር። የክረምት ነገር ስለ ሆነ ደግሞ ይህን እጨምራለሁ፤ ቤት እንዲሞቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይግባ፤ ጢስ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

ስለ ጊዜም ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንድ ሕፃን በአንድ ነገር ላይ 5 ደቂቃ ቢቆይ፣ ለዕድሜው በቂ ነው፤ የተዘጋጀው ዝግጅት ሁሉ ለ5 ደቂቃ መሆኑ ያበሳጫል፤ ቢሆንም ትቶት ሲሄድ ተመለስ ማለት አይገባም። ይልቁን መጫወቻዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትዘርግፉለት። ገሚሱን በከረጢት አስራችሁ ከአልጋ ሥር ደብቁ፤ በሳምንቱ ለውጡለት፤ የተደበቀው ሲወጣ አዲስ ሆኖ ይታየዋል። ዕቃ መሰብሰቡንም ከጨዋታው አትለዩት፤ ካልሲውን ወደ ጣሳ መመለስ ለ2 ዓመት ልጅ ራሱ ጨዋታ ነው፤ ቅጣት የምናስመስለው እኛ ነን።

ለአባቶች አንድ ቃል አለኝ። ከሥራ ተመልሶ ዜና እስኪጀምር ያለችው ጊዜ ለጋቢው ድንኳን ትበቃለች፤ በድንኳኑ ሥር መዳህም ክብርን አያጎድልም፤ የሚያዩን ከቤት ሰው በቀር የሉምና።

ዝናሙ ሲገባደድ እንቁጣጣሽ ይደርሳል። ወንዶች ልጆች የአበባና የመላእክት ሥዕል ሥለው በየቤቱ እያዞሩ የሚሰጡበት ወግ በየሰፈሩ የሚታወቅ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያልደረሰ ሕፃንም የባሚያና የድንች ማኅተሙን በካርድ ቁራጭ ላይ አትሞ ለአያቱ ቢሰጥ ከወጉ አይወጣም። ተገልብጦም ታትሞ ቢሆን፣ ቀለሙም ፈስሶ ቢሆን እንዳለ ይሂድ። ለዚህ ሥራ ከጳጉሜን በፊት መጀመር ይሻላል፤ ወፍራም የተቀባ ሙቅ በክረምት አየር ለመድረቅ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃልና።

በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ የጨው ሊጡም፣ የበሶውም፣ ክዳኑ የተቀደደው ጣሳም ተቀምጠዋል፤ እየነካካችሁ እዩአቸው። መጠኑን ለመጻፍ ለምትሹ ወረቀትና እርሳስ አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ የበሶው ትሪ ለእነርሱ ነው፤ ጥያቄያችሁን እዚያው ከጠረጴዛው አጠገብ እቀበላለሁ።